ክፍክፉ ያጠረ ቤት

ሰኔ ሲቃረብ በረንዳውን በእንጨት ያሠራ ሰው ሁሉ ቀለም መሸጫ ደጃፍ ይቆምና “ዝናብ የሚችል ቫርኒሽ የትኛው ነው?” ይላል። ባለ ሱቁም አንዱን ጣሳ ያነሣለታል። እኔ ግን ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ቢያይ እመርጣለሁ።

የመንዝን የድንጋይ ቤት የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። በዚያ ደጋ የድሮው ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ የሚባል ሣር ነው። ሣሩ የሚታጨደው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከሚደርሰው ከጓሳ ምድር ነው፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ ለዘመናት የጠበቀው መሬት። ያ ወፍራም ክዳን ግድግዳውን አልፎ ይወጣል። ሐምሌ ሲያወርደው ውኃው ከክፍክፉ ርቆ ይወድቃል እንጂ መቃኑን አይነካም። በሩና መቃኑ ቀለም የሚባል ሳያውቁ ያረጁት በዚህ ነው። እንጨቱም ጥድና ወይራ ነበር፤ ይህም አልጎዳ።

ኋላ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ በቁጥር ስለሚገዛ ሰው ይቆጥባል፤ ጣሪያው ከግድግዳው ስንዝር ሳይዘልቅ ይቀራል። እንጨቱም ባሕር ዛፍ ሆነ። ነፋስ የሚያንገላታው የመንዝ ዝናብ ሲጨመርበት የበሩ ታችኛ ጫፍ በጥቂት ክረምት ይላጣል።

በአንጻሩ አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው እንጨቱ በጣሪያ ጥላ ሥር ስለሆነ ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ጣሪያ የሌለው የእንጨት በረንዳ መዘርጋት ተወዷል። ለዓይን ያምራል፣ አልክድም። ጣሪያ ከሌለ ግን ሥራው ከእግሩ ይጀመር። ቋሚ የሚበሰብሰው ጠልቆ በተቀበረው ጫፉ አይደለም፤ አፈሩ አፍ ላይ ነው፤ እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ነዋ! በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ እግር ላይ አቁሙት። በሳንቃዎቹ መካከል ሚስማር የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። እንጨት ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው አፉ ውኃ ይጠጣል፤ ስትቀቡ እሱን አትዝለሉት።

ቫርኒሹን እንዲህ ላለ ወለል አልወደውም። ፀሐይ ትሰነጥቀዋለች፤ ውኃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ላዩ እያበራ ውስጡ ይሻግታል። ውስጥ የሚሰርግ ዘይት በስሱ ቀብቶ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ጨርቁን ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩት፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር እንጨት የሚቀባ አለ፤ ልጅ ለሚድህበት በረንዳ ግን አይሆንም።

ጊዜውስ? አዲስ አበቤ “ከፋሲካ በኋላ” ቢል ያስኬደው ይሆናል። መንዝ ግን የበልግ አገር ነው፤ ገብሱን የሚያበቅለው ዝናብ ሳንቃውንም ያርሰዋል። ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ። ስለዚህ አመዳዩ ረግፎ እንጨቱ ሲደርቅ ረፋድ ላይ ጀምሩ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ብርዱ ሳይመጣ ይያዝላችሁ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቢላ ያዙ። ሳንቃውን፣ በተለይ ሚስማሩ ዙሪያ፣ በጫፉ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቢላው ሳትገፉት ከገባ ዘይቱም ቫርኒሹም ብክነት ነው፤ ንቀሉት። ሲነቀልም ከሥሩ ያለውን ተሸካሚ እንጨት አብራችሁ ውጉ፤ ብስባሴው ቀድሞ የገባው እዚያ ሊሆን ይችላል።