ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያዎችና የአምባሰል ቁልቁለት



ከአምባሰል ደጋ ወደ ውጫሌ ወይም ወደ ሐይቅ ገበያ እህል አዝላ የምትወርድ ሴት፣ አቀበቱ ቢያደክምም ጉልበት የሚበላው ቁልቁለቱ ነው ብትል፣ ቃሏን እንደ ተራ እሮሮ መቁጠር አይገባም። ነገሩ የመካኒክስ ጥያቄ ነውና።

በሰው አካል የሚገኙ ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያዎች እንደየቅርጻቸው ይለያያሉ። በትከሻና በዳሌ ድቡልቡል የአጥንት ራስ በጎድጓዳ ውስጥ ስለሚዞር እጅና እግር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ፤ የትከሻው ጎድጓዳ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ግን በቀላሉ ይወልቃል። የአንገት መዞሪያ በእንዝርት ይመሰላል። የአውራ ጣት ሥር በኮርቻ አምሳል የተሠራ ነው፤ በሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያውን አጥብቆ የሚይዘው በዚሁ ነው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።

ጉልበትም ከማጠፊያዎች ወገን ይቆጠራል፤ ይህ ግን ለማስተማሪያ ያህል ነው። የበር ማጠፊያ በአንድ ጽኑ ዘንግ ላይ ይዞራል። ጉልበት ሲታጠፍ ግን የጭን አጥንት በቅልጥሙ ላይ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታልም፤ ፈጽሞ ሊዘረጋ ሲቃረብ ጥቂት ዞር ብሎ ይቆለፋል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት በመጋጠሚያው ፈሳሽ እየረጠበ ዘይት ከተቀባ ብረት ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ነገር ግን የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተበላ በሚገባ አይጠገንም።

የዚህ መጋጠሚያ ታሪክ ለወሎ ሩቅ አይደለም። ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ በአፋር ክልል በሚገኘው ሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰን በ1966 ዓ.ም. ያገኘው የጉልበት አጥንት ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። የጉልበቱ ባለቤት በሁለት እግሩ ይሄድ እንደ ነበር የታወቀው የጭን አጥንቱ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነበለ በመሆኑ ነው።

መለኪያ በተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበቶች እንደ ታየው፣ ሰው በሜዳ ሲሄድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደቱን 2 እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ወደ 3 እጥፍ ተኩል ይደርሳል። 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት 20 ኪሎ ግራም አዝላ ብትወርድ፣ በግምት ሲሰላ፣ በየእርምጃዋ አንዱ ጉልበት 260 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ለመኪና ድልድይ ጫና የሚያሰላ መሐንዲስ ለእግር መንገድ ይህን አለማስላቱ ያስገርማል።

በእንዲህ ያለ ቁልቁለት የሚነጠፍ የድንጋይ ደረጃ ከፍታው ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ መርገጫውም ሰፊ ቢሆን ጉልበት ብዙ ሳይታጠፍ ይወርዳል። በየመታጠፊያው ደግሞ ሸክም ሳያጎነብሱ የሚያሳርፉበት፣ ወገብ የሚደርስ መደብ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩም ከዚያው ከተራራው ይገኛል።