ከተማ የማን ናት?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባሕር ዳር ሲወራ ዘንባባዋና ሐይቋ ይመሰገናሉ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሰዎቿ ቍጥርና ስለ ሰፈራቸው አቀማመጥ ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥቻለሁ።

ባሕር ዳር ከጣና በስተ ደቡብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተጠግታ የኖረች ትንሽ መንደር ነበረች። ትልቅ ከተማ ያደረጓት በ1950ዎቹ የመጡት ሥራዎች ናቸው፤ ይኸውም የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ፖሊቴክኒኩና የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ነው። ፋብሪካ ሠራተኛን፣ ትምህርት ቤትም ተማሪን ይጠራልና ሰው ከቅርብም ከሩቅም መጣ። በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ 96,140 የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 155,428 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ሌላ የሕዝብ ቈጠራ ስላልተደረገ፣ ዛሬ ስለ ቍጥራችን የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው።

ቈጠራው የሰውን ብሔረሰብም ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. በባሕር ዳር ልዩ ዞን ከመቶው 96ቱ አማራ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ከመቶው 47ቱ አማራ፣ 19 ተኩሉ ኦሮሞ፣ 16ቱ ጉራጌ ነበር። ይህን ያየ ሰው፣ «አብሮ የመኖር ጥያቄ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ይል ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ምስክሩም ከደጃችን አይርቅም።

ፋብሪካው ሳይተከል፣ አውራ ጎዳናውም ሳይቀደድ፣ በዚህ ዳርቻ ወይጦዎች ይኖሩ ነበር። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ቀድሞም ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ገደማ ባለፈ ጊዜ፣ የራሳቸው ልዩ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር። ዛሬ ያ ቋንቋ ጠፍቶ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ክርስቲያኑ ከገበታቸው ይርቅ ነበር፤ እነርሱም እስላሞች ሆነው ሳለ ሌላው እስላም ከእነርሱ መጋባትን ይጸየፍ ነበር። ይህ ንቀት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ከተማይቱ በሰፋች ቍጥርም ሰፈራቸው ከባሕሩ ጫፍ እየተገፋ ሄደ። ከመቶኛው ዝርዝር ውስጥ ብትፈልጓቸው በዓይን የሚታይ ቍጥር አይሞሉም። ነገር ግን ወደ ባሕሩ መውረጃ ያጣ ባለ ታንኳ ምን ሆኖ ይኖራል?

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ አንድ ነገር እናስብ። በአንዱ ከተማ ከመቶው 96 የሆነው ሰው፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ሲወርድ ከመቶው 4 ይሆናል። ከእኛም መካከል ዘመዱ በሌላ ክልል ከተማ የሚነግድ ወይም የሚያስተምር ብዙ ነው። ያ ዘመዳችን ቤቱ እንዳይፈርስበት፣ «መጤ» እንዳይባል እንመኝለታለን፤ በሆነበትም ጊዜ እንቈጣለን። እንግዲያው በዚያ ለዘመዳችን የምንጠይቀውን በዚህ ለሌላው ልንከለክል አንችልም። ሊቀበለን የሚገባው የአገር ልጅ ባለበት ሁሉ ሕጉ አንድ ነው። ወይጦው ግን መጤ እንኳ አይደለም፤ ከብዙዎቻችን በፊት የነበረ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዕረፍታችን ጊዜ የጂኦግራፊና የሕግ ተማሪዎች ተባብረን በሐይቁ ዳር ወደሚገኙት ሰፈሮች እንሂድ። ሽማግሌዎቹን ቀድሞ የት ይኖሩ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ለቤታቸው ወረቀት እንዳላቸው በአክብሮት እንጠይቅ። የታንኳ ማቆሚያዎቹንና የደንገሉን ስፍራ በካርታ እናስፍር፤ ካርታውንም ለከተማው አስተዳደር እናቅርብ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስ፣ ወረቀትና የሚሄድ እግር ይበቃል።

ከተማ የማን ናት ብዬ ጀምሬ ነበር። የሚኖርባት ሁሉ ናት እላለሁ፤ ይህንንም ማረጋገጥ የሚገባን እኛ በበዛንበት ከተማ ነው።