ጓዳው ባዶ ለሆነ ላኩለት

እስቲ ነህምያ ምዕራፍ 8ን ግለጡ።

አይሁድ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው በየሰንበቱ እያነበቡ ዓመቱን ይዞራሉ። ዘዳግም ባለቀበት ቀን ዘፍጥረትን እንደገና ይጀምራሉ። የእኛው አገር ቤተ እስራኤል ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ ይዘው ኖረዋል። ከማስተሰረያ ቀን በኋላ 50ኛው ቀን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፣ ስግድ የሚባል በዓል አላቸው። በጎንደር አምቦበር ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶቻቸው ቃሉን በግዕዝ ያነባሉ፣ በሕዝቡ ቋንቋ ይተረጎማል፤ ከሚነበበውም አንዱ ይኸው ነህምያ ነው። ከዚያ ወርደው ጾሙን ይፈቱና አብረው ይበላሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ስግድም አብሯቸው ሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. የዚያ አገር ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል።

«ፓስተር፣ ወደ ሕግ ሊመልሱን ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ጥላው ያመለከተው ክርስቶስ መጥቷል። በዓሉን አክብሩ አላልኩም፤ የሚያነቡትን እናንብብ ነው ያልኩት።

ቁጥር 10ን ተመልከቱ። ሕዝቡ ሕጉን ሰምቶ እያለቀሰ ነው። አታልቅሱ፣ ብሉ፣ ጠጡ ተባለ። በመጨረሻ የጌታ ደስታ ኃይላቸው እንደሆነ ተነገራቸው። ይህችን መጨረሻማ ማን የማያውቃት አለ? እንዘምራታለን፣ ግድግዳችን ላይ እንሰቅላታለን። ግን መካከል ላይ ምን አለ? ምንም ላላዘጋጀ ሰው ድርሻውን እንዲልኩለት ታዘዋል። የጥቅሱን ጅራት ይዘን ወገቡን ጥለነዋል፣ ወገኖቼ!

ደግሞ ልብ በሉ፤ «ይምጣና ይብላ» አላለም። ላኩ ነው ያለው። ለምን? የሌለው ሰው አይመጣማ! ሰባተኛው ወር ወደ እኛ መስከረም ይጠጋል። የእኛን መስከረም ታውቁታላችሁ፤ ማሳው አረንጓዴ፣ ጎተራው ባዶ። ያን ጊዜ የቸገራት እናት በሯን ዘግታ፣ ጎረቤት ጭስ እንዲያይላት እሳት ታነዳለች እንጂ ሰሃን ይዛ አትወጣም። አይሁድ ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል፣ በፉሪም በዓላቸው ለወዳጅ ምግብ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ለድሆች ለብቻው መስጠት ግዴታ ነው። አስቴር 9፥22ን አንብቡት።

የተላከለት ሰው የማን አማኝ እንደሆነም አልተጻፈም። «እሷ እኮ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም» የምትል እህቴ፣ ነህምያ ይህን አልጠየቀም። ጌታችንም በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርጉ ብድር የማይመልሱትን ጥሩ ብሏል።

እንግዲህ ለፋሲካ ቅርጫ ልትገቡ ነው። በሬው ሳይገዛ በፊት ተነጋገሩ። አሥር ሰው ከሆናችሁ አሥራ አንድ መደብ አድርጉት፤ የእያንዳንዳችሁ ትንሽ ቢቀንስ አትጎዱም። ጉበቱና ጨጓራው ሲከፋፈልም ያችኛዋ መደብ አትረሳ፤ አጥንት ብቻ አታሸክሟት። በጉባኤ ስሟን ጠርታችሁ አታስነሷት፣ ፎቶም አታንሷት። በልጅ እጅ፣ ተከድኖ፣ ሳይመሽ ይድረሳት።