ስለ ሽማግሎች የተሰወረ ትካዜ የተነገረ ቃል



በመካነ ሰላም ወይም በቦረና ገጠር አንድ ሰው ማለዳ በሽማግሌ ደጅ ሲያልፍ «አባቴ፤ እንዴት አደሩ» ብሎ ቢጠይቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያገኛል። ሽማግሌው ሌሊቱን ሁሉ ሲተክዙ ቢያድሩም መልሳቸው ያው ነው። ይህ ምስጋና መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ እንደማያልፍ፤ የሽማግሌም ወዳጅ ምስጋናውን ብቻ ሰምቶ ማለፍ አይገባውም። ከምስጋናው በታች ሐዘን ተሰውሮ ሊኖር ይችላልና።

ሐዘን ሁሉ ደዌ አይደለም። ዘመድ የሞተበት ሰው ያለቅሳል፤ ይጽናናል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል። ነገር ግን ትካዜው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ቢሰነብት፤ ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ቢያስጠላው፤ ራሱንም ከንቱ አድርጎ ቢቈጥር፤ ሐኪሞች ድብርት የሚባል ሕመም እንዳለበት ይጠረጥራሉ። በሽማግሎች ላይ ሲሆን ሕመሙን መለየት ያስቸግራል፤ እንቅልፍ ማጣቱንም፤ ምግብ መተዉንም፤ ዝምታውንም ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» እያለ ያልፈዋልና።

ስለዚህ በአሜሪካ አገር ዶክተር ጀሮም የሳቬጅና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ለሽማግሎች የሚስማማ 30 ጥያቄ አሳተሙ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 15 ዐጠረ። መልሱ አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነው። ጥያቄው ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ አይመረምርም፤ እነዚህ በእርጅናም ይመጣሉና። የሚመረምረው ሰውዬው ባለፈው ሳምንት በኑሮው ደስ ብሎት እንደ ሆነ፤ የለመደውን ሥራ ትቶ እንደ ሆነ፤ ተስፋም ቈርጦ እንደ ሆነ ነው። ከ15ቱ መልስ ትካዜን የሚያመለክተው ከ5 በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ይህ ጥያቄ እንደ ወንፊት ነው፤ ይለያል እንጂ አይፈርድም።

በአገራችን የሽማግሎች መጦሪያ ጥቂት ነው። ከነዚህም ስሙ የታወቀው አቶ ቢንያም በለጠ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ከጎዳና የተነሣ ሽማግሌ አስቀድሞ ምግብና አልጋ፤ ልብስና የቍስል መድኃኒት ያሻዋል። ነገር ግን ሰውነቱ ካረፈ በኋላ ልቡ ሳያርፍ ሊቀር ይችላል። በማናቸውም መጦሪያ ቤት የሚጮኸው ሰው ቶሎ ይታያል፤ ማንንም የማያስቸግረው ዝምተኛ ግን «ጨዋ ነው» እየተባለ ይረሳል። አንዳንዱም ሰው «ቤቱንና ልጁን ያጣ ሰው ቢያዝን ምን ይደንቃል» ይላል። እግሩ የተሰበረውስ የወደቀበት ገደል ስለ ታወቀ ሳይታሰር ይተዋልን?

ጥያቄው ሽማግሌው ለብቻው ሆኖ፤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፤ በዝግታ ይነበብለት። በሰው ፊት ቢጠየቅ አፍሮ ያመሰግናልና። ወደ መጦሪያው በገባ ጊዜ ተጠይቆ፤ ኋላም በየጊዜው ይደገምለት። የማስታወስ ኀይሉ የደከመ እንደ ሆነ ግን አስታማሚዎቹም ይጠየቁ። የሚያክም ሳይዘጋጅ መጠየቅ ብቻውን አይጠቅምም። ሐኪሙ ሌላ ደዌ እንዳለ መርምሮ ምክርን ወይም መድኃኒትን ያዝዛል፤ ድብርት በሽምግልናም ይታከማልና። ጠበል የሚጠመቅም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት መተው አያሻውም።

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ግን የሚበዙት ሽማግሎች የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው፤ የመነኰሱትም በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ። ለነዚህ ጠያቂያቸው የንስሐ አባትና ጎረቤት ነው። ማኅበር ያስቀሩትን፤ ከደጅ መውጣት የተዉትን፤ «ሞት ረሳኝ» የሚሉትን እናት አጠገባቸው ተቀምጦ ሁለተኛ ይጠይቃቸው። ራሳቸውን ሊያጠፉ አስበው እንደ ሆነም በግልጥ ይጠይቃቸው፤ መጠየቅ ያላሰበውን ሰው አያሳስብምና። አስቤአለሁ ቢሉ ለብቻቸው አይተዋቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዳቸው።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ በዓል ወደ ቤቱ የሚመለስ ሁሉ በመንገዱ ያለውን አንድ ሽማግሌ ይጠይቅ። «ተመስገን» ባሉትም ጊዜ ወዲያው አይነሣ፤ ጥቂት ይቀመጥ።