ስለ አየር በረራ ሕግ አጠባበቅ



ባለፈው ክረምት በሥራ ምክንያት ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስጓዝ በዋጫ አንድ ሌሊት አድሬ ነበር። ማለዳ ቡና በምንጠጣበት ቤት አንድ ሽማግሌ ሥራዬን ጠይቀውኝ፣ በሬዲዮ ስለ ሕግ ጉዳይ የምናገር መሆኔን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ፈቃድ የሌለው መኪና በዚህ መንገድ ሲመጣ በኬላው ገመድ ተዘርግቶበት ይቆማል፤ ፈቃድ የሌለው አይሮፕላን ሲመጣስ ገመዱ ወዴት ይዘረጋል?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ መልሱ ግን ረዘመብኝ።

በ1937 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጭምር በተካፈለችበት በቺካጎ ጉባኤ የወጣው ስምምነት፣ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይደነግጋል። ሥልጣኑ ሙሉ ይሁን እንጂ አሠራሩ ጥንቃቄን ይፈልጋል። በነሐሴ 1975 ዓ.ም. ከመንገዱ የወጣ የኮሪያ አይሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። በዚህም ምክንያት መንግሥታት በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ተሰብስበው፣ በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አይሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመተኮስ እንዲታቀቡና በምትኩ «በዚህ ሜዳ ውረድ» ብለው እንዲያዙ ተስማሙ። እንግዲህ ገመዱ የሚዘረጋው በሰማይ ሳይሆን በማረፊያው ሜዳ ነው።

ለዚህም ሩቅ አንሄድም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከግሪክ ደሴት ከቀርጤስ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን ለመብረር የተሰለፉ፣ ባለ ድርብ ክንፍ የጥንት አይሮፕላኖች ከሱዳን ተሻግረው በጋምቤላ አረፉ። ወራቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የጸናበት ነበር። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያለ ፈቃድ የአየር ክልላችን ገብተዋል በማለቱ፣ አብራሪዎቹ በማረፊያው ተይዘው ከተመረመሩ በኋላ ተለቀው ጉዟቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ አይሮፕላን በተራሮች መካከል ዝቅ ብሎ ቢበር ከራዳር ዓይን ሊሰወር ይችላል፤ ከነዳጅ ማለቅ ግን አይሰወርም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላው ነው። አይሮፕላኑ የተመዘገበ፣ ማረፊያውም የተፈቀደለት ሆኖ፣ ለግል ጉዞ በተሰጠ ፈቃድ ገንዘብ ተቀብሎ መንገደኛ የሚጭነውን ማን ይይዘዋል? ተቆጣጣሪ ቢጠይቀው «ወዳጆቼ ናቸው» ይላል። መንገደኛውም ለመድረስ ስለ ቸኮለ ዝም ይላል። የአርጀንቲናው ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ በጥር 2011 ዓ.ም. ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲሄድ የተሳፈረበት ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ካለው ባሕር ወደቀ። አብራሪው በክፍያ መንገደኛ የማጓጓዝም ሆነ በሌሊት የመብረር ፈቃድ አልነበረውም። በረራውን ያሰናዳው ሰው 18 ወር እስራት የተፈረደበት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ሰዎች ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። እንግሊዝን በመሰለ አገር እንኳ ሕጉ የደረሰው ከሬሳው ኋላ ነበር።

በእኛም አገር ክረምት መንገዱን ሲያበላሸው፣ በሽተኛ የያዘ ቤተሰብ «አደርስላችኋለሁ» ያለውን ሁሉ ይከተላል። ይህን ሰው ደንብ ተላለፍህ ብሎ መውቀስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጭካኔ ነው። ነገር ግን የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ቲኬትና የከፈለበት ደረሰኝ እንዲሰጠው መጠየቅ፣ የድርጅቱንም የሥራ ፈቃድ አሳዩኝ ማለት ይችላል። ደረሰኙ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ያለ ፈቃድ በተደረገ በረራ ላይ አደጋ ቢደርስ ግን የመድን ድርጅቱ ካሳ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በነገርኋቸው ጊዜ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የታመመው ሰው ወረቀቱን ማንበብ የማይችል እንደ ሆነስ?» አሉኝ። በዚያ ማለዳ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። መኪናውም ጥሩምባ ስላሰማ ተሰናብቻቸው ወደ ሚዛን ጉዞዬን ቀጠልሁ።