አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ

ሰላም፦ ዳዊት፣ ለእረፍት ቀን የሚታይ ኮሜዲ ሲባል አንተ «ፎልቲ ታወርስ»ን መርጠሃል።

ዳዊት፦ አዎ። ጠቅላላው 12 ክፍል ነው፤ ስድስቱ በ1975፣ ስድስቱ በ1979 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ የታዩ። ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ እንግዳ ማየት የማይወድ ባሲል የሚባል ባለሆቴል አለ።

ሰላም፦ ደራሲዎቹ ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ሲጀምሩት ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለተኛው ዙር ሲተላለፍ ግን ተፋተዋል፤ ድርሰቱ ያኔም የሁለቱ ነው። በጣም ነው የማከብራቸው።

ዳዊት፦ የእራት ግብዣውን ክፍል አስታውሺ። ትልልቅ ሰዎች ተጠርተው ሼፉ ሰክሮ ይዘረራል። ባሲል ከሌላ ምግብ ቤት ዳክዬ ሊያመጣ ሲከንፍ መኪናው ቀጥ ትላለች። ይቆጣታል፣ እስከ ሦስት ይቆጥርባታል፣ በመጨረሻ በዛፍ ቅርንጫፍ ይገርፋታል!

ሰላም፦ ቅርንጫፍ ፍለጋ ሲሮጥ እኮ ካሜራው አይከተለውም። የቆመችውን መኪና እያየን እንጠብቃለን። ሳቁ ያለው እዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው።

ዳዊት፦ ከባርሴሎና የመጣው አስተናጋጅ ማኑኤል ሲመታ ግን ያመኛል። ቋንቋ ስላልቻለ የሚዋረድ ስደተኛ ነው።

ሰላም፦ ልክ ነህ፣ እኔም ያመኛል። ግን ልብ በል፤ ማኑኤል የታዘዘውን ለመፈጸም ይለፋል። በየክፍሉ ጉድ የሚሆነው ባሲል ነው።

ዳዊት፦ አዲስ ተመልካች ከየቱ ይጀምር?

ሰላም፦ ባሲል ተራውን እንግዳ የሆቴል ተቆጣጣሪ ነው ብሎ ከሚያሽቃብጥበት ክፍል።