ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት

እሷ፦ ሰሞኑን ነቀምቴን ዞር ዞር ብለህ አይተሃታል? ክረምቱ ሳይገባ ሶሌታ ለመሙላት ሁሉም ጥድፊያ ላይ ነው።

እሱ፦ የወለጋ ዝናብ ከጀመረ መች ያፋታል! ግን ፈቃዱስ?

እሷ፦ ፈቃዱማ አለ። ለአንድ ፎቅ አውጥቶ ሦስተኛው ላይ የሚገኝ ነው የበዛው።

እሱ፦ እሱማ ሌላ ሕንፃ ሆነ በያ! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን “ሀ”፣ “ለ”፣ “ሐ” ብሎ ነው የመደበው። በዚያ አዋጅ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ካለ “ሐ” ነበር።

እሷ፦ ለባለቤቱ እኮ ያው ቤቱ ነው።

እሱ፦ ለመሠረቱ ግን ያው አይደለም። ለአንድ ፎቅ የተቆፈረ መሠረት ነዋ!

እሷ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ግን ሲሚንቶ ተገዝቶ፣ ሚክሰር በቀን ተከራይቶ፣ ሠራተኛው አካፋውን ተደግፎ ቆሞ፣ ብረቱን ሊያይ የሚመጣው ተቆጣጣሪ “ነገ እመጣለሁ” ቢልስ?

እሱ፦ ያናድዳል፣ አልክድም። ቢሆንም ብረቱ የሚታየው ከሙሌቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ስታፋው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደታሰረ ማን ያውቃል?

እሷ፦ አንዱ “ካዛፎርማው ሲወልቅ ያዩታል” ብሎኛል።

እሱ፦ ያኔማ መንገደኛውም ያየዋል።